የአንግሊካን ሲኖዶስ ድምፅ ሰጠ ሲባል ዜናውን እንዴት እናንብበው

"አንግሊካኖች ሴት ጳጳስ ፈቀዱ" ወይ "ከለከሉ" የሚል ዜና ስታዩ ከመከራከራችሁ በፊት የትኛዋ ቤተክርስቲያን ናት ብላችሁ ጠይቁ። የእንግሊዟን ቤተክርስቲያን የሚመራው የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ እንደ ሮማው ፖፕ አይደለም፣ ሁሉም ፕሮቪንስ (የአንድ አገር ወይም አካባቢ አንግሊካን ቤተክርስቲያን) ራሱን ነው የሚያስተዳድረው፣ ከ1867 ጀምሮ (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው) ጳጳሳቱ የሚሰበሰቡበት የላምቤዝ ጉባኤ እንኳን የሚያወጣው ውሳኔ ማንንም በህግ አያስገድድም። ጋምቤላ ያሉት የኛዎቹ አንግሊካኖችም በ2020 በተቋቋመው የአሌክሳንድሪያ ፕሮቪንስ ስር ስለሆኑ ለንደን የተወሰነው እነሱ ጋ ህግ አይሆንም።

የእንግሊዟ ከሆነች ደግሞ አጠቃላይ ድምፁን ተዉትና የየምክር ቤቱን እዩ። እኛ ሲኖዶስ ሲባል ጳጳሳት ብቻ ናቸው የሚመጡብን፣ እዛ ግን የጳጳሳት፣ የካህናትና የምእመናን የሚባሉ ሶስት ምክር ቤቶች አሉ፣ እንዲህ አይነት ከባድ ጉዳይ ሲሆን ታዲያ በሶስቱም ውስጥ ለየብቻ ሁለት ሶስተኛ ማግኘት አለበት።

ህዳር 2012 የእንግሊዟ ሲኖዶስ ሴት ጳጳስ ለመፍቀድ የሰጠውን ድምፅ ውሰዱ። ጳጳሳቱ 44 ለ3፣ ካህናቱ 148 ለ45 ደገፉ፣ ሲደመር ሰባ ምናምን ፐርሰንት ደጋፊ ነበረ፣ ግን የምእመናኑ 132 ለ74 ሆነና በስድስት ድምፅ ወደቀ! ጳጳሳቱ ፈልገው ምእመናኑ ያስቀሩት ማለት ነው፣ እኔ በበኩሌ ይሄን ሳላይ ቤተክርስቲያኗ እምቢ አለች የሚል ርዕስ አላምንም። የሚገርመው ከሶስት ቀን በፊት ስዋዚላንድ ውስጥ ኤሊና ዋሙኮያ ጳጳስ ሆነው ተሹመዋል፣ የአፍሪካ የመጀመሪያዋ አንግሊካን ሴት ጳጳስ ናቸው፣ ስለዚህ "አፍሪካ ይቃወማል፣ ነጮቹ ይደግፋሉ" የሚለውንም ዝም ብላችሁ አትዋጡት።

ቀጥሎ ለተቃዋሚዎቹ ምን ተሰጣቸው የሚለውን ፈልጉ፣ ዜናዎቹ ይሄን ወይ መጨረሻ ላይ ይወሽቁታል ወይ ጭራሽ ይዘሉታል። በሐምሌ 2014 ያው ጉዳይ ተመልሶ ሲቀርብ ምእመናኑ 152 ለ45 አሳለፉት፣ ሰዉ በአንዴ ሃሳቡን ስለቀየረ ብቻ አይደለም፣ በህሊናቸው ለማይቀበሉት የሚሆን ስምምነት አብሮ ስለቀረበ ጭምር ነው። በዛ መሰረት አንድ ደብር ምክር ቤቱ ወስኖ በጽሁፍ ከጠየቀ ወንድ ጳጳስ ይመደብለታል፣ በ2015 ሊቢ ሌን የእንግሊዟ ቤተክርስቲያን የመጀመሪያዋ ሴት ጳጳስ ሲሆኑም፣ በ2025 ሣራ ሙላሊ ለካንተርበሪ ሊቀ ጳጳስነት ሲሰየሙም ይሄ አሰራር አልተነሳም። ስለዚህ ስለ ሙላሊ "ተቃዋሚዎች ተሸነፉ" የሚል ነገር ካያችሁ፣ ጸሀፊው ይሄን ዝግጅት ጠቅሶ እንደሆነ እዩለት፣ ካልጠቀሰ ግማሹን ነው የነገራችሁ።