ከኢንጀክሽን ወደ ካርቡሬተር የተቀየረች መኪና ቤንዚኗን እንዴት እናስተካክላለን?

ኮሮላዬ ከሸዋ ሮቢት ወደ ደብረ ሲና ስትወጣ ሦስት ጊዜ ቆማብኛለች። ሦስቱንም ጊዜ ቤንዚንን ከአየር ጋር የሚቀላቅለው ካርቡሬተር ተፈታ፣ ታጠበ፣ ተመልሶ ተገጠመ። ደብረ ብርሃን ከተማ ውስጥ ስነዳት ምንም አይታይባትም። ዳገቱ ላይ ስትደርስ ግን ትንተከተክና ጸጥ ትላለች። ጥፋቱ ካርቡሬተሩ ላይ አልነበረም። ከኋላ፣ ታንኩ ውስጥ ነበር።

መኪናዋ ስትሠራ ኢንጀክሽን ነበረች፤ ቤንዚኑን ኮምፒውተር እየለካ ይረጭላት ነበር። ኮምፒውተሩ ሲበላሽ መለዋወጫው ስለተወደደ ካርቡሬተር ተገጠመላት። ቅያሪው በራሱ መጥፎ አይደለም። ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ካርቡሬተሩን ገጥሞ የቀረውን የቤንዚን መስመር እንደነበረ መተው ነው። ስለዚህ እንዲህ ያለች መኪና ካላችሁ ካርቡሬተሩን ለመጨረሻ አቆዩት። ከታንኩ ጀምራችሁ ወደ ፊት ኑ።

ከመጀመራችሁ በፊት

ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ሥራው ደጅ፣ ነፋስ ባለበት ቦታ ይሁን። የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀሉ። እሳት ማጥፊያ አጠገባችሁ አስቀምጡ፤ ከሌለ አንድ ባልዲ ደረቅ አሸዋ። ሲጋራም ከሰልም አካባቢው አይድረስ። ቤንዚን ላይ ውኃ አይደፋም፤ እሳቱን ይዞት ይሄዳል።

ታንኩ

በመጀመሪያ ቀላሏን ሞክሩ። መኪናዋ መንገድ ላይ ስትደክም የታንኩን ክዳን ከፈት አድርጉት። አየር “ፉሽ” ብሎ ከገባና መኪናዋ ከተሻላት መተንፈሻው ተደፍኗል ማለት ነው። እሱን ማጽዳት ብቻ ሊበቃ ይችላል።

ካልሆነ የድሮው የኢንጀክሽን ፖምፓ የት እንዳለ እዩ። በብዙ መኪኖች ታንኩ ውስጥ ነው። እዚያው ከተተወ ከሁለት አንዱ ይደርሳል። ኢንጀክሽን ከ2.5 እስከ 3 ባር ግፊት ይፈልጋል። ካርቡሬተር ግን ከ0.2 እስከ 0.35 ባር ይበቃዋል፤ በፒኤስአይ ከ3 እስከ 5 መሆኑ ነው። የድሮው ፖምፓ እየሠራ ከሆነ አሥር እጥፍ ያህል ግፊት ይልካል። የካርቡሬተሩን የቤንዚን መግቢያ የምትዘጋው መርፌ ይህን ልትችለው አትችልም። ቤንዚኑ ሞልቶ ይፈሳል፣ ሞተሩም ይታፈናል። ትኩስ ሞተር ላይ የሚፈስ ቤንዚን መኪናዋን ሊያቃጥላት ይችላል።

ሁለተኛው የእኔ ነው። የድሮው ፖምፓ ሞቶ ታንኩ ውስጥ ቀርቷል። አዲሱ ፖምፓ በሞተው ሆድ በኩል እየታገለ ይስባል። ቤንዚን በኃይል ሲሳብ መስመሩ ውስጥ ያለው ግፊት ይወርዳል። ግፊቱ ሲወርድ ቤንዚኑ በትንሽ ሙቀት ይፈላል፣ ቱቦው ውስጥም ተን ይሞላል። ፖምፓ ደግሞ ተን መግፋት አይሆንለትም። ሸዋ ሮቢት 1,280 ሜትር ገደማ ላይ ያለች ሞቃት ከተማ ናት። ከደብረ ሲና በላይ ያለው ጣርማበር ከ3,000 ሜትር በላይ ነው። በአጭር መንገድ ሞተሩ እየጋለ አየሩ እየሳሳ ይሄዳል፤ አየር በሳሳ ቁጥር ቤንዚን ቶሎ ይፈላል። መኪናዬ ሁልጊዜ እዚያው ዳገት ላይ የምትቆመው ለዚህ ነበር።

መፍትሔው የሞተውን ፖምፓ አውጥቶ በቦታው ወንፊት ያለው ቀጥ ያለ መሳቢያ ቱቦ ማስገባት ነው። እዚህ ላይ ቁጥብ አትሁኑ። ታንክ ውስጥ የሚገባ ጎማ ቤንዚን ውስጥ ተነክሮ እንዲኖር የተሠራ መሆን አለበት። ተራው የቤንዚን ጎማ ከውስጥ እንጂ ከውጭ ቤንዚን አይችልም፤ ይላሽቅና ፍርፋሪው መስመሩን ይደፍናል።

ፖምፓው

ለካርቡሬተር የተሠራ ዝቅተኛ ግፊት ያለው የኤሌክትሪክ ፖምፓ ግዙ። ታንኩ አጠገብ፣ ዝቅ አድርጋችሁ እሰሩት። ፖምፓ ከመሳብ ይልቅ መግፋት ይቀለዋል። ሞተሩ አጠገብ ከተሰቀለ ሙቀቱም ርቀቱም ይጎዳዋል። ከፖምፓው በፊት ፊልትሮ ይኑር።

ከዚያ ካርቡሬተሩ መግቢያ ላይ ጌጅ አስገብታችሁ ለኩ። ከ5 ፒኤስአይ ካለፈ ግፊት መቀነሻ ይግባ። ኢንጀክሽን መኪና ብዙ ጊዜ ወደ ታንክ የሚመለስ ሁለተኛ መስመር አላት። እሱን አትድፈኑት። የተረፈው ቤንዚን በእሱ እየዞረ ከተመለሰ መስመሩ ቀዝቀዝ ይላል፣ ተኑም ይወጣል።

አንድ ነገር አደራ። ኮምፒውተሩ በነበረ ጊዜ ሞተሩ ሲቆም ፖምፓውንም ያቆመው ነበር። አሁን ብዙዎች ፖምፓውን በቀጥታ ከቁልፉ ጋር ያገናኙታል። መኪናዋ ብትገለበጥ ሞተሩ ጠፍቶ ፖምፓው ቤንዚን መርጨቱን ይቀጥላል። በሪሌ፣ በፊውዝና የዘይት ግፊት ሲጠፋ በሚቆርጥ ማብሪያ እንዲያልፍ ኤሌክትሪሺያኑን ጠይቁት። ለጊዜው ይቅር ካላችሁ ግን እባካችሁ መኪናዋን አትንዷት።

ቱቦውና ሙቀቱ

ቱቦውን ከጭስ ማውጫው አርቁት። የተሰነጠቀ ጎማ ቀይሩ፣ በሽቦ የታሰረውን በፋሸታ እሰሩ። በካርቡሬተሩና ድብልቁን ወደ ሞተሩ በሚያስገባው ማኒፎልድ መካከል ሙቀት የማያስተላልፍ ወፍራም ጋስኬት መኖሩን እዩ። ቅያሪ ላይ ብዙ ጊዜ የሚረሳው እሱ ነው።

አሁን ካርቡሬተሩ

ግፊቱ ከተስተካከለ በኋላም ቤንዚን ከሞላ መርፌዋን የምትገፋውን ተንሳፋፊና መርፌዋን ተመልከቱ። ተንሳፋፊዋን ጆሯችሁ አጠገብ ነቅንቋት። ውስጧ ቤንዚን ከተንቦጫቦጨ ተበስታለችና ትቀየር። የመርፌዋ ጫፍ ቀለበት የመሰለ ጭረት ካወጣች እሷም ትቀየር። ቀዳዳዎቹን በአየር ንፉ እንጂ በሽቦ አትጎርጉሩ፤ ከሰፉ መመለሻ የላቸውም።

ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። አየሩ ባሕር ዳርቻ ካለው በሩብ ያህል ይሳሳል። ኢንጀክሽን ይህን አውቆ ቤንዚኑን ይቀንሳል፣ ካርቡሬተር ግን አያውቅም። ለቆላ የተሠራ ጄት (ቤንዚኑ የሚያልፍባት ባለ ቀዳዳ ብሎን) እዚህ ጥቁር ጭስ ያስወጣል፣ ቤንዚንም ይበላል። አንድ ወይም ሁለት ቁጥር ያነሰ ጄት አስገቡና ጥቂት ነድታችሁ ካንዴላውን አውጡ። ጥቁር ጥላሸት ከያዘ ቤንዚኑ በዝቷል። ፈዘዝ ያለ ቡና ዓይነት ከሆነ ልክ ነው። ከነጣ አንሷል፤ ጄቱን መልሱ፣ ሞተሩን ያቃጥላል። ወደ ሸዋ ሮቢት የምትመላለሱ ከሆነ ካንዴላውን ታች ወርዳችሁም እዩት። እኔ ለሁለቱም እንዲሆን መካከለኛውን መርጫለሁ። ደጋ ላይ ትንሽ ይበዛል፣ ቆላ ላይ ግን ሞተሩ አይጎዳም።

ሞተሩ ቀዝቅዞ ሲነሳ ቤንዚኑን የሚያበዛውን ቾክም አስገጥሙት። በጥቅምትና በኅዳር ውርጭ ያለ ቾክ መኪና ማስነሳት ባትሪ መጨረስ ነው።

ሁሉ ካለቀ በኋላ ሞተሩን አስነስታችሁ እያንዳንዱን መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉና ጨርቁን አሽትቱ። ከዚያ ታንኩን ግማሽ አድርጋችሁ በቀትር ከሸዋ ሮቢት ወደ ጣርማበር ውጡ። ደብረ ሲና ላይ አሥር ደቂቃ አጥፍታችሁ እንደገና አስነሷት። ካርቡሬተሩና አካባቢው በጣም የሚግሉት ሞተሩ ከቆመ በኋላ ነውና እዚያ ከተነሳች ተስተካክላለች።