በጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል አዲስ ነርስ ሊያስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ወደ ጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ተመድበው የሚመጡ ነርሶች አብዛኞቹ ለሙያው አዲስ አይደሉም፤ በአዋቂዎች ወይም በድንገተኛ ክፍል ጥሩ ስም ያተረፉ፣ እጃቸው ሥራ የለመደ ባለሙያዎች ናቸው። ችግሩ የሚነሣውም ከዚሁ ነው፤ በሌላ ክፍል ትክክል የነበረ ልማድ አንድ ኪሎ ተኩል በማይሞላ ሕፃን ላይ ሲደገም ይጎዳል። ቀጥሎ የማነሣቸውን ስህተቶች በመሐል አዲስ አበባ በሠራሁበት ክፍል ደጋግሜ አይቻቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹንም ራሴ ፈጽሜአቸዋለሁ።

ከሁሉ በላይ የሚደጋገመው ብርድን እንደ ምቾት ጉዳይ መቁጠር ነው። የጨቅላ ሕፃን የሰውነት ሙቀት ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ሊሆን ይገባዋል። ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ግን ቆዳው ስስ፣ ከቆዳው ሥር ያለው ስብ ጥቂት በመሆኑ፣ እንደ አዋቂም ተንቀጥቅጦ ሙቀት ማመንጨት ስለማይችል፣ ሲበርደው ያለችውን ስኳርና ኦክስጅን ያቃጥላል፤ የደም ስኳሩ ይወርዳል፣ ትንፋሹም ይቆራረጣል። ይህ ሁሉ ሲሆን አያለቅስም፤ ዝም ይላል፣ እኛም «ተኛ» ብለን እናልፈዋለን። አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍታ በላይ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የቀኑ ፀሐይ ያዘናጋል እንጂ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ለእነዚህ ሕፃናት ከባድ ነው። ካኑላ (መድኃኒትና ፈሳሽ በደም ሥር የሚሰጥበት ቀጭን ቱቦ) ለመትከል ኮፍያና ካልሲ አውልቆ ግማሽ ሰዓት ደም ሥር መፈለግ፣ ጨርቅ ባልተነጠፈበት ሚዛን ላይ ማስቀመጥ፣ እንዲሁም «ሆስፒታሉ እዚሁ ቅርብ ነው» በሚል ሳያሞቁ በአምቡላንስ መላክ የተለመዱ ጥፋቶች ናቸው። ከአራት ኪሎ እስከ ለገሃር ያለው መንገድ በካርታ ላይ አጭር ቢሆንም፣ ሲዘጋ ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የከተማው ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ከዚሁ ጋር የተያያዘው ስህተት የካንጋሮ እናት እንክብካቤን፣ ማለትም ሕፃኑን በእናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስጠግቶ ማቆየትን፣ ማሞቂያ ሲጠፋ ብቻ የሚታሰብ የድሃ መፍትሔ አድርጎ ማየት ነው። አሠራሩ እ.ኤ.አ. በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ ሲጀመር መነሻው በእርግጥ የማሞቂያ እጥረት ነበር፤ ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2022 ያለ ቀናቸው ወይም ከክብደት በታች ለተወለዱ ሕፃናት እንክብካቤው ከተወለዱ በኋላ ወዲያውኑ እንዲጀመርና በቀን ከ8 እስከ 24 ሰዓት እንዲሰጥ መክሯል። እናቲቱን ለአንድ ሰዓት አስቀምጦ «ይበቃል፣ ደከመሽ» ብሎ መመለስ ሕክምናውን ማቋረጥ ነው።

ሁለተኛው የመድኃኒት መጠን ነው፤ እዚህ ላይ የራሴን ልናገር። 6 ሚሊ ግራም ጀንታማይሲን የተባለ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ታዝዞ፣ በእጄ የነበረው አምፑል በ2 ሚሊ ሊትር ውስጥ 80 ሚሊ ግራም የያዘው ነበር። ስሌቱ 0.15 ሚሊ ሊትር ነው፤ እኔ ግን ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል 1.5 ቀድቼ ተነሣሁ። በአዋቂዎች ክፍል 1.5 ሚሊ ሊትር ዓይን የማይስብ መጠን ነውና እጄ አልከበደውም። ባልደረባዬ ሲሪንጁን አይታ «ሲስተር፣ ይሄ ለየትኛው ልጅ ነው?» ባትለኝ ኖሮ ጆሮንና ኩላሊትን የሚጎዳ መድኃኒት አሥር እጥፍ እሰጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ የ1 ሚሊ ሊትር ሲሪንጅ እጠቀማለሁ፣ ከነጥቡ በፊት ያለውን ዜሮ ሳልጽፍ አልቀርም፣ አስተያዩኝ የምላትንም ባልደረባ መልሴን ከማሳየቴ በፊት ራሷ እንድታሰላ እጠይቃለሁ። ተሠርቶ ያለቀን ስሌት አይቶ «ልክ ነው» ማለት ማረጋገጥ ሊባል አይችልም።

ሦስተኛው በእኛ አገር ብቻ የሚገጥም ይመስለኛል፤ የሰዓትና የቀን አቆጣጠር መደባለቅ ነው። እናት «ጠዋት 2 ሰዓት ተወለደ» ብላ ካርዱ ላይ 2፡00 ብቻ ከተጻፈ፣ ቀጣዩ ተረኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት አድርጎ ሊያነበው ይችላል፤ ሕፃኑም በስድስት ሰዓት ያረጃል። በመጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ውስጥ የሚታይ የቆዳ ቢጫነት ሁልጊዜ አደገኛ ምልክት ነው፤ በ20ኛው ሰዓት የታየው ግን በዚህ ስህተት በ26ኛው የታየ መስሎ ይታለፋል። የእርግዝናው ዕድሜ የሚቆጠርበት የመጨረሻው የወር አበባ ቀንም እንዲሁ ነው። ጥር 5 ያለችው እናት ቀን ጃንዋሪ 5 ተብሎ ከተመዘገበ፣ እውነተኛው ጃንዋሪ 13 ስለሆነ ስምንት ቀን ይዛባል፤ መጥባትን፣ መዋጥንና መተንፈስን አቀናጅቶ ለመሥራት እስከ 34ኛው የእርግዝና ሳምንት ገደማ መጠበቅ ያለበት ሕፃን ከጊዜው በፊት ጡት ይዞ እንዲታገል ይደረጋል። ሰዓቱ በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ አጠገቡ ማስፈር አንድ ቃል ብቻ ይፈጃል።

ኦክስጅንን በሚመለከት፣ በአዋቂ ላይ የደም ኦክስጅን መለኪያው 100 የሚል ቁጥር ሲያሳይ ደስ ይላል። ኦክስጅን እየተሰጠው ባለ ያለ ቀኑ የተወለደ ሕፃን ላይ ግን የሚፈለገው ከ90 እስከ 95 በመቶ ነው፤ ከዚያ በላይ እየሄደ ዝም ከተባለ የዓይን ሬቲናን ሊጎዳና እስከ ዕውርነት ሊያደርስ ይችላል። ሲፓፕ (በአፍንጫ በኩል አየር በግፊት እየሰጠ ሳንባ እንዳይዘጋ የሚያግዝ መሣሪያ) ላይ ያለ ሕፃን፣ የቱቦው ጫፍ የተነከረበት የውኃ ጠርሙስ አረፋ መስጠት ካቆመ፣ ውኃው መጉደሉን፣ ቱቦው መላቀቁን፣ የሕፃኑም አፍ መከፈቱን ማየት ይገባል። የማሽኑ ድምፅ ሲጮኽ ማሽኑን ዝም ለማሰኘት መሮጥ ከሁላችንም የማይጠፋ ልማድ ነው፤ ቀድሞ መታየት ያለበት ግን የልጁ ደረትና ቀለም ነው።

በአጭሩ የማልፋቸው አሉ። ጓንት እጅ መታጠብን አይተካም፤ አልኮሉም ከ20 እስከ 30 ሰከንድ መታሸት አለበት። የቆዳ ቢጫነትን በብርሃን በሚያክመው የፎቶቴራፒ መብራት ሥር ተጠቅልሎ የተኛ ሕፃን ደግሞ እየታከመ አይደለም፤ ዓይኑና ዳይፐሩ ብቻ ተሸፍነው ቆዳው መራቆት አለበት።

የመጨረሻው እናትን እንደ ጠያቂ መቁጠር ነው። በቀዶ ሕክምና ወልዳ ጎንበስ ብላ የመጣችን ሴት ከበር መመለስ በየክፍሉ ይታያል፤ ጥቂት ጠብታ እንገር በሲሪንጅ ይዛ የመጣችውንም «ይህቺ ምን ትሆናለች» የሚል አላጣሁም። «ሲስተር፣ ልጄ ዛሬ እንደ ትናንቱ አይደለችም» ያለችኝን አንዲት እናት፣ ቻርቱ ላይ ያለው ሁሉ ደህና ስለነበረ፣ አጽናንቼ ልመልሳት ምንም አልቀረኝም ነበር። የሕፃኗን ስኳር ስለካ ከ45 ሚሊ ግራም በዴሲ ሊትር በታች ወርዶ አገኘሁት። አሁን ተረኝነት ስረከብ፣ ቻርቱን ከማንበቤ በፊት፣ እናቲቱ ካለች ምን እንዳየች እጠይቃታለሁ።