ባለተረቷን እናት እንዴት እንቅረጽ? ለጎንደር ልጆች

ተረት የሚያወሩ፣ በሬዲዮ ወይም በጋዜጣም የሠሩ እናት ካገኛችሁ የምትቀርጹት ሁለት ዓይነት ትውስታ ነው። ተረቱ ስንት ጊዜ ተወርቶ ለስልሷል፤ የራሳቸው ሕይወት ግን ጠያቂ አጥቶ ተበታትኗል። ሁለቱን በአንድ ቀን አትሞክሩ። በተረቱ ጀምሩ፣ አፍ ይፈታል።

ለተረቱ ልጆች ያስፈልጋሉ። ሦስት አራት የጎረቤት ሕፃናት ሰብስቡ። «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» የሚል ከሌለ በአምስት ደቂቃ ጨርሰው ያርፋሉ፤ የጅቡ ድምፅ፣ የእጃቸው ውርወራ ሁሉ ይቀራል። ዳቦም ያዙ። መጨረሻው «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» አይደል?

መቅረጫው ከአፋቸው ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ከሥሩ የታጠፈ ጋቢ ይነጠፍለት፤ አለዚያ ስኒ በተቀመጠ ቁጥር ይጮኻል። በዋቭ ፋይል (ድምፁን ሳይጨምቅ የሚያስቀምጥ ዓይነት)፣ በ48 ኪሎ ኸርዝና በ24 ቢት ጥራት፣ በሞኖ (በአንድ የድምፅ መስመር) ቅረጹ፤ አንድ ሰዓቱ ግማሽ ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ቡናው ሲወቀጥ አቁሙ፣ አቦሉ ከቀረበ በኋላ ቀጥሉ። ሐምሌና ነሐሴ በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር አይሞከርም። ንጋትም አይሆንም፤ በአርባ አራቱ ታቦት ከተማ ድምፅ ማጉያ የማይደርስበት ቤት የት ይገኛል! ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት በኋላ ይሻላል።

ወደ ሕይወታቸው ስትገቡ «በስንት ዓመተ ምሕረት?» አትበሉ። በግምት ይነግሯችኋል፣ ግምቱም እንደ እውነት ተጽፎ ይቀራል። «እማማ፣ ያኔ ማንን አዝለው ነበር?» በሉ። የልጆቻቸው ዕድሜ ስለሚታወቅ ከዚያ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። የ1966ቱ አብዮት፣ የ1977ቱ ድርቅ፣ የ1983ቱ የመንግሥት ለውጥም ካስማ ይሆናሉ።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው «ጣሊያን ሲወጣ» በሚለው ላይ ነው። አዲስ አበባ የምታከብረው ሚያዝያ 27 ቀን 1933ን ነው፤ ጎንደር ግን የጣሊያን የመጨረሻ ምሽግ ስለነበረች ነፃ የወጣችው ኅዳር 1934 ነው። እዚህ ያደጉ እናት «ጣሊያን ሲወጣ ተወለድሁ» ቢሉ 1933 ብላችሁ አትመዝግቡ፤ የትኛውን መውጣት እንደሆነ ጠይቁ። ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ስትለውጡ ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ በኋላ 8 ዓመት ይደመራል።

ለጋዜጠኝነት ዘመናቸው ወሬ ብቻ አይበቃም። በቀጥታ የተላለፈ ፕሮግራም ቅጂ ላይኖረው ይችላል። የሥራ መታወቂያ፣ የደመወዝ ወረቀት፣ የአድማጭ ደብዳቤ ፈልጉ። ፎቶውን በ600 ዲፒአይ (የስካን ጥራት መለኪያ) ስካን አድርጉ፤ ጀርባውንም አትርሱ፣ የፎቶ ቤቱ ማኅተም ወይም ቀን የሚገኘው እዚያ ነው። ከእሳቸው በፊት የማንን ድምፅ በሬዲዮ ይሰሙ እንደነበር ጠይቁ፤ የቀድሞዋ የሬዲዮ ጋዜጠኛ የሮማነወርቅ ካሳሁን ስም ከተነሣ ብዙ ነገር ተከትሎ ይመጣል። አዲስ ዘመን ላይ ጽፈው ከሆነ ጋዜጣው ከ1933 ጀምሮ የታተመ ነውና ወሩን ሳታውቁ ቤተ መጻሕፍት አትሂዱ፣ ቀናችሁ ጥራዝ በመግለጥ ያልቃል።

የአንድ ሰዓት ድምፅ ወደ ጽሑፍ ለመመለስ አምስት ስድስት ሰዓት መድቡ። «ሄድሁ» ያሉትን «ሄድኩ» ብላችሁ አታርሙ፤ የጎንደር አነጋገር እሱ ነው። ከመታተሙ በፊት ጽሑፉን አንብቡላቸው፣ ስማቸውንም ራሳቸው ይጻፉላችሁ፤ «ፀሐይ» በጸሎቱ ጸ ይሁን በፀሐዩ ፀ ከእሳቸው በላይ የሚወስን የለም።