ሜሞሪ እያለ «ሜሞሪ የለም» ሲል

ጎንደር ፒያሳ ያለው የፎቶ ቤታችን ሰርቨር የጥምቀትን ፎቶዎች ሌሊቱን ስንገለብጥበት አድሮ ጠዋት ኔትወርኩ ይቋረጥ ነበር። ሰርቨሩ የሚሠራበት ሲስተም፣ ሊኑክሱ፣ ሜሞሪ አጣሁ ይላል፤ ሲታይ ግን አብዛኛው በፋይል ካሽ (ፋይሎችን ለፍጥነት ሜሞሪ ላይ በሚያቆይ ጊዜያዊ ቅጂ) የተያዘ፣ ሲፈለግ የሚለቀቅ ነው። ራም ልንገዛ ተነስተን ነበር!

የከርነሉን (የሊኑክሱን እምብርት) መዝገብ ሳነበው «ኦርደር 4» ይላል፤ ይህም 2 አራት ጊዜ በራሱ ሲባዛ፣ 16 ገጽ ነው፤ ገጽ የሚባለው ባለ 4 ኪሎባይት የሜሞሪ ቁራጭ ነው። የኔትወርክ ካርዱ ድራይቨር (ካርዱን የሚያሠራው ፕሮግራም) 16 ተከታታይ ገጽ፣ ማለትም 64 ኪሎባይት በአንድ ላይ ጠይቋል። ነጻ ሜሞሪውን በተከታታይ ገጾች ብዛት ከኦርደር 0 ጀምሮ በዓምድ የሚያሳየውን «በዲኢንፎ» ፋይል ስከፍት ባለ 4 ኪሎባይት ነጠላ ገጾች ሞልተዋል፣ ከአምስተኛው ዓምድ (ከኦርደር 4) ጀምሮ ግን ዜሮ ብቻ። ቦታው አለ፣ ግን ተበጣጥሷል።

ካሹን ማራገፍ ለአንድ ቀን ብቻ ረዳ፤ ፍጥነቱንም ገደለው፣ አልመክርም። የሠራልኝ «ኮምፓክት ሜሞሪ» በሚባለው የከርነሉ ማስተካከያ ፋይል ላይ 1 ጽፎ ገጾቹን ማሰባሰብ፣ ከዚያም ከርነሉ ሜሞሪ ቀድሞ ማስለቀቅ እንዲጀምር «ሚን ፍሪ ኪሎባይትስ»ን፣ ማለትም ሁልጊዜ ነጻ የሚቆየውን የሜሞሪ መጠን፣ ከፍ ማድረግ ነው። የቀረው የከተራ ፎቶ በሙሉ ሳይቋረጥ ገባ።