የፈረንሳይ ዜጋ ላገባችሁ፦ የረጅም ቆይታ ቪዛ ከወረዳ እስከ ቀበና

የፈረንሳይ ዜጋ በሕጋዊ መንገድ ላገባ ሰው የረጅም ቆይታ ቪዛ ሊከለከል የሚችለው በሦስት ምክንያት ብቻ ነው፦ ማጭበርበር ከተገኘ፣ ጋብቻው ውድቅ ከተደረገ፣ ወይም አመልካቹ ለሕዝብ ጸጥታ አስጊ ከሆነ። የፈረንሳይ ሕግ በግልጽ የሚለው ይህንን ነው። የቪዛው ክፍያ ለናንተ ነጻ ነው። ከመሄዳችሁ በፊት የቋንቋ ፈተና የለም፤ የገቢ መጠንም መስፈርት አይደለም። ደላላ «የባንክ ስቴትመንት ላሟላልሽ» ካለ ብራችሁን ያዙ። ፋይል የሚያጓትተው ሌላ ነገር ነው፤ ስምና ቀን ከወረቀት ወረቀት ሲለያይ። ችግሩ ደግሞ የሚጀምረው ወረዳ ላይ ነው።

ከሠርጉ በፊት ከሆናችሁ ዕድለኞች ናችሁ። ጋብቻው ኢትዮጵያ ውስጥ የሚፈጸም ከሆነ መጀመሪያ ቀበና ካለው የፈረንሳይ ኤምባሲ ቆንስላ ክፍል «ሰርቲፊካ ደ ካፓሲቴ ኣ ማርያዥ» የሚባለውን ለጋብቻ ብቁ የመሆን ማስረጃ ጠይቁ። ቆንስላው ማስታወቂያ ለ10 ቀን ይለጥፋል፤ ሁለታችሁንም ለየብቻ ሊያነጋግር ይችላል። የት እንደተዋወቃችሁ፣ በምን ቋንቋ እንደምትግባቡ፣ የት እንደምትኖሩ ቢጠየቅ መልሱን አትሸምድዱ፤ እውነቱን ተናገሩ። የቀድሞ ጋብቻ ካለ የፍቺ ውሳኔውን ይዛችሁ ቅረቡ። ይህ ማስረጃ ሳይወጣ የተጋቡም መቀጠል ይችላሉ፤ ግን ያው ማጣራት በኋላ ይመጣል። ጥርጣሬ ካደረ ጉዳዩ ፈረንሳይ ውስጥ ናንት ከተማ ወዳለው ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል፤ እሱም ለመወሰን 6 ወር አለው።

በተክሊል፣ በኒካህ ወይም በባህል መጋባት በቤተሰብ ሕጋችን ይታወቃል። ሆኖም ወሳኝ ኩነት ዘንድ ካልተመዘገበ ለቆንስላው እንዳልተፈጸመ ነው። የሠርግ ቪዲዮና የሽማግሌዎች ፊርማ የምዝገባ ምስክር ወረቀትን አይተካም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። በሸገር ከተማ ሥር ባሉት በቡራዩ፣ በሰበታ፣ በሱሉልታ ወይም በለገጣፎ የምትኖሩ ከሆነ ምስክር ወረቀታችሁ ላይ ስማችሁ በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ ይጻፋል። ጫልቱ የምትባል ሴት በቁቤ በ«ሲ» ብቻ ትጀምራለች፤ አናባቢዎቿም ይደገማሉ፦ ሲ፣ ሁለት ኤ፣ ኤል፣ ቲ፣ ሁለት ዩ። ፓስፖርቷ ላይ ግን ሲ፣ ኤች፣ ኤ፣ ኤል፣ ቲ፣ ዩ ተብሎ ይገኛል። ለእኛ አንድ ስም ነው፤ ፋይሉን ለሚያገላብጠው ፈረንሳዊ ሁለት ሰው። ስለዚህ ጋብቻ ልታስመዘግቡ ስትሄዱ ፓስፖርቱን ከፍታችሁ ጠረጴዛው ላይ አስቀምጡ፤ መዝጋቢው ፊደል በፊደል ከዚያ ይገልብጥ። የአያት ስምም አይቀር። አልፎ ከሆነ እዚያው መዝገቡ ላይ እንዲታረም ጠይቁ፤ ካልሆነም ሁለቱ አጻጻፍ የአንድ ሰው መሆኑን የሚያረጋግጥ ደብዳቤ አውጡ። ስህተቱ ወደ ፈረንሳይ መዝገብ ከገባ በኋላ ማረም ናንት ድረስ የሚሄድ ጣጣ ነው።

ቀኑም እንዲሁ ነው። በኛ አቆጣጠር ጥር 5 ቀን 1988 የተወለደ ሰው በፈረንጆቹ ጃንዋሪ 14 ቀን 1996 ነው የተወለደው። ብዙ ጊዜ ግን 13 ተብሎ ይጻፋል። 1988 ዘመነ ዮሐንስ ነው፤ ከፊቱ ያለችው ጳጉሜን 6 ቀን ስለነበረች መስከረም 1 የዋለው ሴፕቴምበር 12 ነው። ገና በታኅሣሥ 28 የሚውልበት ዓመት ማለት ነው። በእንዲህ ዓይነቱ ዓመት ከመስከረም 1 እስከ የካቲት 21 የተወለዳችሁ ሁሉ አንድ ቀን ትጨምራላችሁ። ፓስፖርት፣ የልደት ምስክር ወረቀትና የጋብቻ ምስክር ወረቀት አጠገብ ለአጠገብ አድርጋችሁ በእርሳስ አመሳክሩ።

የልደት ምስክር ወረቀታችሁ የወጣው ለቪዛው ብላችሁ በቅርቡ ከሆነ ጥያቄ ቢነሳ አይግረማችሁ። የክርስትና ካርድ፣ የክትባት ካርድ፣ የ8ኛ ክፍል ሰርተፊኬት፣ ዕድሜና ስም የሚያሳይ አሮጌ ወረቀት ሁሉ አብሮ ይሂድ። ለውጭ አገር የሚውለው ወረቀት መጨረሻ ላይ የውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር ማረጋገጫ ማኅተም ያስፈልገዋል። ሚኒስቴሩ የሚያትመው ከሥሩ ያለውን ፊርማ ካወቀው ነውና፣ የትኛው ቢሮ ቀድሞ ማተም እንዳለበት ወረቀቱን የሰጣችሁን ክፍል ሳትጠይቁ አትውጡ። አለዚያ ሱሉልታና መሀል ከተማ እየተመላለሳችሁ ሳምንት ያልቃል።

ከዚያ ጋብቻው በፈረንሳይ መዝገብ እንዲገለበጥ ይጠየቃል። ጠያቂው ፈረንሳዊው ባል ወይም ፈረንሳዊቷ ሚስት ናቸው። ሲያልቅ «ሊቭሬ ደ ፋሚይ» የሚባል የቤተሰብ ደብተር ይሰጣችኋል። ያለዚህ ግልባጭ ወደ ቪዛው አትቸኩሉ።

የቪዛ ማመልከቻው የሚሞላው «ፍራንስ-ቪዛ» በሚባለው የመንግሥት ድረ ገጽ ነው፤ ከጉዞው 3 ወር ሲቀረው ጀምሮ። የቆይታ ጊዜው ላይ ከ3 ወር በላይ፣ ምክንያቱ ላይ የፈረንሳይ ዜጋ ባለቤት የሚለውን ምረጡ። ብዙ ሰው «ቤተሰብ ማገናኘት» የሚለውን ይመርጣል፤ እሱ ግን ባለቤቱ የሌላ አገር ዜጋ ሆኖ ፈረንሳይ ለሚኖር ነው። ቀጠሮውን ድረ ገጹ በሚመራችሁ ያዙ፤ አሻራ ስለሚወሰድ በአካል መቅረብ ግድ ነው። ይዛችሁ የምትቀርቡት የታተመውንና የተፈረመበትን ፎርም ድረ ገጹ ከሚሰጠው የማመልከቻ ደረሰኝ ጋር፣ ቢያንስ ሁለት ባዶ ገጽ ያለው ፓስፖርት፣ ከ3 ወር ወዲህ የወጣ የፈረንሳይ የጋብቻ መዝገብ ግልባጭ፣ የባለቤታችሁን የፈረንሳይ መታወቂያ ወይም ፓስፖርት ኮፒና ፎቶ ነው። ፎቶ ቤቱ የለመደው 3 በ4 ጉርድ ፎቶ አይሆንም፤ 3.5 በ4.5 ሳንቲ ሜትር ነው የሚፈለገው። ከሁሉም ኮፒ አድርጉ።

በ2 ወር ውስጥ መልስ ካልመጣ ዝምታው እንደ ክልከላ ይቆጠራል። ከዚያች ቀን ወይም የክልከላው ደብዳቤ ከደረሳችሁ ቀን ጀምሮ በ30 ቀን ውስጥ ናንት ላለው የቪዛ ይግባኝ ኮሚሽን በፈረንሳይኛ መጻፍ ይቻላል። ከኮሚሽኑ ቀጥሎ የናንት አስተዳደር ፍርድ ቤት አለ። ቀኑን አታሳልፉ።

ቪዛው ከተመታ በኋላ ሥራ አለ። ፈረንሳይ በገባችሁ በ3 ወር ውስጥ ቪዛውን በኢንተርኔት ማጽደቅና የቴምብር ክፍያ መክፈል ግዴታ ነው፤ የመግቢያ ቀን ስለሚጠየቅ የፓስፖርት ማኅተሙን ፎቶ አንሱ፣ የአውሮፕላኑን ቦርዲንግ ፓስም አትጣሉ። ከጸደቀ እንደ መኖሪያ ፈቃድ ያገለግላል፤ መሥራትም ይፈቅዳል። ቀጥሎ «ኦፊ» የሚባለው የፈረንሳይ የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት ለውህደት ውልና ለፈረንሳይኛ ትምህርት ይጠራችኋል። እድሳቱን የምትጠይቁት ጊዜው ሊያልቅ ከ4 እስከ 2 ወር ሲቀረው ነው፤ አብራችሁ መኖራችሁን የሚያሳይ በሁለታችሁም ስም የሆነ የቤት ኪራይ ውልና የመብራት ቢል ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ አጠራቅሙ።