አዲስ ተጋቢዎች ታክስ ስታሠሩ የምትሳሳቱት እዚህ ላይ ነው

አሜሪካ ውስጥ ለሐበሾች ታክስ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። ከሁሉም በላይ አንጀቴን የሚያቃጥለው አንድ ስህተት ነው። ወንድማችን አገር ቤት ሄዶ ያገባል። ሚስቱ ቪዛ እስኪመጣላት እዚያው ትቀራለች። እሱ ይመለስና «እሷ እኮ እዚህ የለችም» ብሎ «ሲንግል» (ያላገባ) ያስሞላል። አይሆንም! አይአርኤስ (የአሜሪካ ታክስ መሥሪያ ቤት) የሚያየው ዲሴምበር 31 ላይ ባለትዳር መሆን አለመሆናችሁን ነው። ዲሴምበር 30 ብታገቡ እንኳ ዓመቱን ሙሉ እንዳገባችሁ ይቆጠራል። አዲስ አበባ የተፈራረማችሁት ጋብቻ እዚህም ጋብቻ ነው።

አንዱ ደንበኛዬ የሦስት ዓመት ትራንስክሪፕት (የሞላውን ታክስ የሚያሳይ የአይአርኤስ ወረቀት) ይዞ መጣ። የሚስቱን የቪዛ ፕሮሰስ የያዘው ጠበቃ ልኮት ነው። ሦስቱም ላይ «ሲንግል» ይላል። የጋብቻ ወረቀቱ ቀን ግን ከሦስቱም ይቀድማል። ማስተካከያውን ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጥ ነበር። ደግሞ የተጎዳው ራሱ ነው። ለ2025 ገቢ ጆይንት (ባልና ሚስት በአንድ ላይ) የሚሞሉ 31,500 ዶላር ከታክስ ነፃ ይሆንላቸዋል፤ ሲንግል 15,750 ብቻ ነው።

«ሶሻል (የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) የላትም» ምክንያት አይሆንም። በደብሊው-7 ፎርም አይቲን (ሶሻል ለሌለው ሰው የሚሰጥ የታክስ ቁጥር) ይጠየቅላታል። እንደ አሜሪካ ነዋሪ እንድትቆጠር መምረጣችሁን ጽፋችሁ ሁለታችሁም ትፈርማላችሁ። ያኔ አገር ቤት የምታገኘው ደሞዝም ይገለጻል። አትደብቁት።

«ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» (የቤተሰብ አስተዳዳሪ) የሚባለው አሞላል የቤት ኪራይ ስለከፈላችሁ አይገኝም። አንድ ቤት የሚኖሩ ባልና ሚስት በጥቅሉ አይችሉም። ሚስት አገር ቤት ብትሆንም እንደ ልጅ ያለ የምታስተዳድሩት ሰው ያስፈልጋል፤ እሷ ለዚህ አትቆጠርም።

ሴፓሬት (ባልና ሚስት ለየብቻ መሙላት) ላይ እኔም ተሳስቻለሁ። ባገባን ዓመት የባንክ ሂሳባችን ለየብቻ ስለነበር ሁለታችንም ሴፓሬት ሞላን። ባለቤቴ ኮሌጅ ነበረች፤ ሴፓሬት ስለሞላን የትምህርት ክሬዲቷ (ለትምህርት ወጪ የሚሰጥ የታክስ ቅናሽ) ቀረ። እንደ ዕድል ሆኖ ሴፓሬትን በሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ጆይንት መቀየር ይቻላል፤ ቀየርነው። ጆይንትን ግን የማስገቢያው ቀን፣ ኤፕሪል 15፣ ካለፈ በኋላ ወደ ሴፓሬት መመለስ አይቻልም።

ስለዚህ እህቶቼ፣ ጆይንት ሳታነቡ አትፈርሙ። ባልሽ የኡበር ገቢውን አሳንሶ ካስሞላ፣ ዕዳው ሲመጣ አንቺም ትጠየቂበታለሽ።

ስምሽን በባልሽ ስም ከቀየርሽ ደግሞ መጀመሪያ ሶሻል ሴኩሪቲ ቢሮ ሂጂ። ታክሱ ላይ ያለው ስም ከካርዱ ጋር ካልገጠመ ሪፈንዳችሁ (ተመላሽ ገንዘባችሁ) ሊዘገይ ይችላል።