ተመልሶ የሚሠራ ካታሊስት፦ ከመኩራራት በፊት የሚታዩ ስህተቶች

የሐዋሳ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። የገባበት ቆሻሻ አብዛኛው እዚያው ይቀራል። የኢንዱስትሪ ፓርኩም ፍሳሹን አጣርቶ መልሶ እንዲጠቀም ተደርጎ የተሠራው ያለ ነገር አይደለም። እዚህ ከተማ ኬሚስትሪ የሚሠራ ሰው «አረንጓዴ» የሚለውን ቃል ፕሮፖዛል ላይ ሲጽፍ ትንሽ ቢጠነቀቅ ይሻላል።

የዛሬው ጉዳይ በተሸካሚ ቁስ ላይ የታሰሩ ኦርጋኖካታሊስቶች ናቸው። ካታሊስት ራሱ ሳያልቅ ሪአክሽን የሚያፋጥን ነገር ነው። ኦርጋኖካታሊስት ብረታ ብረት የሌለበት ትንሽ ኦርጋኒክ ሞለኪውል ነው። እንደ ቀኝና ግራ እጅ ከሚመሳሰሉ ሁለት ሞለኪውሎች አንዱ በብዛት እንዲመረት ያደርጋል። ቤንጃሚን ሊስትና ዴቪድ ማክሚላን እ.ኤ.አ. በ2021 የኬሚስትሪ ኖቤል የተሸለሙት በዚህ ነው። ችግሩ ብዙ መፍጀቱ ነው። ሊስትና ባልደረቦቹ በ2000 ባሳተሙት የአልዶል (ሁለት ሞለኪውል የሚያያይዝ ሪአክሽን) ሥራ ካታሊስቱ፣ ፕሮሊን የሚባለው አሚኖ አሲድ፣ 30 ሞል ፐርሰንት ነበር። ለ100 የአልዲሃይድ (የመነሻው ቁስ) ሞለኪውል 30 ፕሮሊን ማለት ነው። እናም ካታሊስቱን ፖሊስታይሪን (ፕላስቲክ) ወይም ሲሊካ (የአሸዋ ዘመድ የሆነ ቁስ) ላይ አስሮ፣ አጥልሎ፣ ደግሞ መጠቀም የሚለው ሐሳብ መጣ። ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ አሠራሩ ላይ ነው ነገሩ የሚበላሸው።

አንዳንዱ ገና ሳይጀምር ይሳሳታል። ማሰሩ ያዋጣል ወይ ብሎ አይጠይቅም። ፕሮሊን ርካሽ ነው፣ በውሃም ታጥቦ ይወጣል። ለማሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ የሚነሳው ማሰሪያ የሚሆን ኦኤች ካለው የፕሮሊን ዘመድ፣ ከሃይድሮክሲፕሮሊን ነው። ሌላው የሞለኪውሉ ክፍል እንዳይነካ መከለያ ይገባል፣ ይታሰራል፣ መከለያው ይነሳል፣ በየደረጃው ሶልቨንት (ማሟሚያ ፈሳሽ) ይፈስሳል። እኔ ለተራ ፕሮሊን ብዙ ጊዜ አያዋጣም ባይ ነኝ። ከሲንኮና አልካሎይድ (ከሲንኮና ዛፍ ልጣጭ ከሚገኝ ውህድ) በብዙ እርምጃ ለሚሠራ ካታሊስት ከሆነ ግን ልፋቱ ይገባዋል።

ትልቁና በጣም የተለመደው ስህተት ደግሞ ይኸው። «አምስት ዙር ተጠቀምኩበት፣ ምርቱ ያው ነው» ይባላል። ምርቱ የተለካው መቼ ነው? ከ24 ሰዓት በኋላ። ሪአክሽኑ በ3 ሰዓት የሚያልቅ ነው እንበል። የካታሊስቱ ግማሽ ቢሞት በ6 ሰዓት ገደማ ያልቃል። ሦስት አራተኛው ቢሞት እንኳ 12 ሰዓት ፈጅቶ ይጨርሳል። እናንተ በ24ኛው ሰዓት ስትመጡ ሁሉም ሙሉ ነው። ሠንጠረዡ ያምራል፣ ካታሊስቱ ግን እየሞተ ነው። መለካት ያለበት ፍጥነቱ ነው። ሪአክሽኑ ከ20 እስከ 30 በመቶ ሲደርስ ናሙና ውሰዱ፣ ይህንኑ በየዙሩ እያደረጋችሁ አወዳድሩ።

ስታወዳድሩም የሙቀቱን ነገር አትርሱ። ኤሲ በሌለው ላብራቶሪ የሐዋሳ ጠዋትና ከሰዓት አንድ አይደሉም። የመጀመሪያውን ዙር በጠራራ ፀሐይ፣ ሁለተኛውን በማለዳ ሠርቶ «ካታሊስቱ ደከመ» ማለት ቀልድ ነው። ውሃ ባዝ ውስጥ አስቀምጡት። መብራት ከጠፋ ደግሞ ሼከሩ (የሚያናውጠው መሣሪያ) ይቆማል፣ ካታሊስቱ የታሰረባቸው ፍሬዎች ሥር ይዘቅጣሉ፣ ፍጥነቱ ይወርዳል። የጠፋበትንና የመጣበትን ሰዓት ደብተር ላይ ጻፉ።

የተጠለለውን ፈሳሽ ሳያዩ መድፋትም አለ። ካታሊስቱ ከተሸካሚው ላይ እየተላቀቀ ወደ ፈሳሹ ገብቶ ከሆነ፣ እየሠራ ያለው የታሰረው ሳይሆን የሸሸው ነው። ማረጋገጫው ቀላል ነው። ሪአክሽኑን መሃል ላይ፣ ሙቀቱ እንዳለ፣ አጥሉት። ፈሳሹን ብቻውን ተዉት። ከቀጠለ አንድ ነገር አምልጧል። ጎን ለጎን ካታሊስት የሌለበትን፣ ባዶ ሲሊካ ብቻ ያለበትንም ሞክሩ፤ ሲሊካ ራሱ ሪአክሽን ሲገፋ ይገኛል።

ማግኔቲክ ስተረር መጠቀም ሌላው ነው። የሚሽከረከረው ባር ፍሬዎቹን ከብርጭቆው ወለል ጋር ይፈጫቸዋል። በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ፈሳሹ ወተት ይመስላል፣ ፊልተሩ ይደፈናል፣ ዱቄቱ ከፈሳሹ ጋር ይሄዳል። ሼከር ተጠቀሙ።

«አረንጓዴ ይሁን» ብሎ ሶልቨንቱን ዝም ብሎ በኤታኖል መቀየርም አይሠራም። በትንሹ የተሳሰረ ፖሊስታይሪን ዳይክሎሮሜቴን (ክሎሪን ያለበት ሶልቨንት) ውስጥ ያብጣል፣ አልኮልና ውሃ ውስጥ ግን እንደ ጠጠር ይቀራል። ካታሊስቱ አብዛኛው ያለው በፍሬው ውስጥ ስለሆነ በሩ ተዘጋ ማለት ነው። በውሃ የሠሩ አሉ፣ ግን ለዚያው ታስቦ በተነደፈ ካታሊስት ነው። ቱ-ሜቲል ቴትራሃይድሮፍዩራን ፖሊስታይሪንን በደንብ ያሳብጣል፣ ከዕፅዋት ተረፈ ምርትም ይሠራል፤ መጀመሪያ እሱን ሞክሩ። ዳይክሎሮሜቴን የግድ ከሆነ ደግሞ በሐዋሳ ከፍታ የሚፈላው በ40 ሳይሆን በ34 ዲግሪ ገደማ መሆኑን አስቡ። የሞቀ ቀን ሴፓሬተሪ ፈነል ውስጥ ከትታችሁ ስትንጡት አየሩን ቶሎ ቶሎ አስወጡ።

የማጠቢያውንስ ማን ቆጠረው? ሮጀር ሼልደን ያስተዋወቀው ኢ-ፋክተር ለአንድ ኪሎ ምርት ስንት ኪሎ ቆሻሻ ወጣ ብሎ ይጠይቃል። 50 ሚሊግራም ካታሊስት ለማዳን አራቴ በዳይክሎሮሜቴን አጥቦ፣ ምርቱንም በሲሊካ ኮለም አሳልፎ፣ «አረንጓዴ» ማለት ዓይን ያወጣ ነገር ነው።

ኢናንቲዮሜሪክ ኤክሰሱንም (ከቀኝና ግራዎቹ ሞለኪውሎች አንዱ ከሌላው ምን ያህል እንደበለጠ) በየዙሩ ለኩ፣ በመጀመሪያውና በመጨረሻው ብቻ አይደለም። ምርቱ ሳይነካ እሱ ብቻ ከወረደ ካታሊስቱ ተለውጧል፣ ወይም ያለ እሱ የሚሄድ ሪአክሽን ቦታውን እየወሰደ ነው። ካይራል ኤችፒኤልሲ (ቀኝና ግራውን የሚለየው መሣሪያ) ሩቅ ከሆነ ናሙናዎቹን አጠራቅማችሁ አንድ ላይ ላኩ። በዲኤል-ፕሮሊን የተሠራውን ራሲሚክ (ሁለቱ እኩል ያሉበትን ድብልቅ) አብራችሁ ላኩ፤ ያለዚያ የትኛው ፒክ የማን እንደሆነ መለየት ይቸግራል።

የደከመውንም ወዲያው ቆሻሻ ውስጥ አትጨምሩ። አልዲሃይድ ከፕሮሊን ጋር ተያይዞ ኦክሳዞሊዲኖን የሚባል ቀለበት ሲሠራ ካታሊስቱ የሞተ ይመስላል፣ ግን ሊመለስ የሚችል ነገር ነው። ከተሸካሚው ጥቂት ወስዳችሁ በቀላል አሲድና በውሃ እጠቡት፣ አድርቁትና ፍጥነቱን እንደገና ለኩ። ካልተነሳ ያኔ ጣሉት።